ሙክቱ በሰማይ፣ ሰይድ በምድር

ሰይድ ሞተ። ቀብረነው ተመልሰን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጥን የወንድሙ ልጅ ከፓዌ ተነስታለች ተባለና መቼ ትደርሳለች የሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ ነገ ይላል፣ አንዱ ከነገ ወዲያ ይላል፣ አንዱ አዲስ አበባ ዞራ ከሆነማ ለአርባውም አትደርስም ይላል። አጠገቤ የተቀመጠ ባጃጅ ነጂ ስልኩን አወጣና በጣቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲያደርግ ቆይቶ፣ "በአየር ቢሆን እኮ ከፓዌ አሶሳ አንድ ሰዓት አይሞላም" አለ።

ሳቅ አመለጠኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ፣ ሼሁም አዩኝ። ሽማግሌው ጃጀ ያሉ ይመስለኛል። ይበሉ። ሰይድን ከዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሳቅኩትም በእሱ ላይ አይደለም፣ ከእሱ ጋር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሕፈቴ እንደ ከብት መንገድ ይጣመማል። ቢሆንም ያሳቀኝን ነገር ሳልጽፈው አልቀርም።

እኔና ሰይድ የአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ነበርን። የዛሬውን አስፋልት አይታችሁ እንዳትሳሳቱ። እኔ የምለው ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው፤ ቢሮዎቹ ወንበር ሳይገባላቸው በፊት ሰሌዳ የተሰቀለላቸው ጊዜ። ሜዳው ጠጠር ነው። ዳር ዳሩ ሣር ነው፣ ሣሩም በአሶሳ ዙሪያ አቻ የለውም። ሥራችን ሌባ መጠበቅ ነው ተብለን ተቀጠርን፤ የሚሰረቅ ነገር ግን አልነበረም። እውነተኛው ሥራችን ከብት ማባረር ነበር።

አውሮፕላን ሲመጣ ከተማውን አንድ ጊዜ ይዞራል። ያን ጊዜ ተሯሩጠን ሜዳውን እናጸዳለን። ሲጸዳ ሰይድ ዱላው ጫፍ ላይ ያሰራትን ነጭ ጨርቅ ከፍ ያደርጋል። አብራሪዎቹ ያቺን ጨርቅ ሳያዩ አያርፉም፣ ሳያዩም አይነሱም። ይሄን ማንም አላዘዘም፣ ደንብ ላይም የለም፤ ሰይድ ጀመረው፣ እነሱ ለመዱት። ጨርቋ የሚስቱ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነበረች። እሱ ግን የጦር ሠራዊት ባንዲራ የያዘ ይመስል ሲይዛት ደረቱን ይነፋል። "እኔ ካላልኩ ማንም አይበርም" ይለኛል።

አውሮፕላን ሲዘገይ ደግሞ ምድር ላይ ተኝቶ ጆሮውን ይለጥፋል። "መጣ!" ይላል። መንገደኛው ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል፣ የቢሮ ሰዎች ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው የወፍጮ ቤቱን ሞተር ነበር። ሰዉ ሰማዩን ሲያይ፣ ሲያይ ቆይቶ ወደ ሰይድ ሲዞር፣ ሰይድ አቧራውን እያራገፈ "ተመለሰ" ይላል። ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሜዳው ውስጥ ከሚገቡት ከብቶች ዋነኞቹ የራሱ የሰይድ ነበሩ። አለቃችን አቶ ግርማ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ነገር የማይወድ ወጣት ነው። አንድ ቀን ቢቸግረው፣

"ጋሽ ሰይድ፣ አባራሪው እርስዎ፣ ባለከብቱ እርስዎ። ይሄ እንዴት ነው የሚሆነው?" አለው።

"የሌላ ሰው ከብት ቢሆን እኔን ይሰማኛል አለቃ? የኔዎቹ አንድ ቃል ይበቃቸዋል።"

"ከመጀመሪያውስ ባይገቡ?"

"ሣሩን ማን ሊያጭደው? አንተ ታጭዳለህ?"

አቶ ግርማ ሣሩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ወደ ቢሮው ገባ።

እንዳለውም ከብቶቹ ድምፁን ይሰሙ ነበር። "ሃይ ዳለቻ!" ካለ ዳለቻ የምትባለው ላም ቀና ብላ ትወጣለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል። እኔ ስጮህ ያዩኛል። ማየታቸውን አልክድም። ከማየት ግን አያልፉም።

መንገደኛ መጥቶ "እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ ሲጠይቀው የሰይድ መልስ አንድ ነው።

"ከብት ከሌለ እንደተባለው ነው። ከብት ካለ እንደ ከብቶቹ ነው።"

ሰዉ ይስቃል። እሱ አይስቅም።

ይህ ሰው እንድሪስ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ድሮ ወሎ እያሉ፣ ገና እረኞች ሳሉ፣ እንድሪስ በግራ እጁ የወረወረው ድንጋይ የእናታቸውን ላም ቀንድ ሰበረ ይላል ሰይድ። እንድሪስ አልመታኋትም ይላል። ላሟ በድርቁ አለቀች። ነገሩ ግን አላለቀም። በደርግ ጊዜ ለሰፈራ ስንጫን፣ ሰዉ ሁሉ እያለቀሰ መኪና ላይ ሲወጣ፣ እነሱ መኪናው ሥር ቆመው የዚያችን ላም ቀንድ አነሱ። "ከአንተ ጋር አንድ መኪና አልሳፈርም!" አለ ሰይድ። "እኔስ መች አልኩህ!" አለ እንድሪስ። በተለያየ መኪና ወጡ። ሁለቱም መኪኖቹ አንድ አገር የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። የሰይድ መኪና አሶሳ አወረደው። የእንድሪስ ፓዌ።

ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አዲሱ ክልል ሲታወጅ አሶሳና ፓዌ ባንድ ክልል ገቡና ሰይድ ሰፈሩን እየዞረ "ከወንድሜ ጋር አንድ ቤት ገባን" ብሎ አወራ። ቤቱስ አንድ ነው፤ መሐሉ ላይ ዓባይ አለ እንጂ። በመኪና ልሂድ ያለ ሰው ወለጋን አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እንደገና ጎጃምን ይዞ ነው የሚወርደው። ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው ጓዳ ለመግባት የጎረቤቱን ቤት ሁሉ እንደ መዞር ነው።

አንድ ቀን ከዚያ የመጣ ሰው መልእክት ይዞ መጣ። የእንድሪስ የመጀመሪያ ልጅ ልታገባ ነው። እንድሪስም "ያ ኩርፈኛ ካልመጣ የልጄን ኒካ አላስርም በሉት" ብሏል። ሰይድ ይሄን ሲሰማ የቆመበት ቦታ ቁጭ አለ።

"ይመር" አለኝ። "ጠራኝ እኮ።"



በዚያ ሰሞን ሹማምንት የሚያመላልስ ትንሽ አውሮፕላን ከአሶሳ ቀጥታ ፓዌ ይሄድ ነበር። አቶ ግርማ ለምኖ አንድ ወንበር አገኘለት። ሰይድ ግን ባዶ እጁን አይሄድም። በማረፊያው ሣር ያደለበው ሙክት አለው፤ ጀርባው ከመወፈሩ የተነሳ ሰው ቢተኛበት የሚችል። "እሱን ሳልይዝ ወንድሜ ፊት አልቆምም" አለና ሙክቱን ለበረራ ማለማመድ ጀመረ። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እየጎተተ ሞተሩ አጠገብ ያቆመዋል። በመጀመሪያው ቀን ሙክቱ ገመዱን በጥሶ እስከ ሐዋ ሻይ ቤት ሮጠ። ሐዋ ሜዳው ዳር ከርከዴ የሚባለውን ቀይ ሻይ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። ብርጭቆዎቿን ሁሉ ገለበጠባት።

"ሰይድ!" አለች ወገቧን ይዛ። "በግ አበደ፣ አንተም አበደ!"

ኋላ ግን ለመደ። እኛ ጆሯችንን ስንይዝ እሱ ያመሰኳል።

ቀኑ ደረሰ። አውሮፕላኑ ትንሽ ስለሆነ መንገደኛ ከነዕቃው የእህል ሚዛን ላይ እየወጣ ይመዘናል። ሰይድ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ሙክቱን እግሩን አስሮ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከቶ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶለት መጣ።

"ጋሽ ሰይድ፣ እንስሳ አይጫንም" አለ አቶ ግርማ።

"እንስሳ አይደለም፤ የሰርግ ስጦታ ነው።"

"ክብደቱስ?"

ሰይድ ዞር ዞር ብሎ መንገደኛውን አየና፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው በሚሄድ አንድ ሹም ላይ ዓይኑ አረፈ። "እኔንና ሙክቱን አንድ ላይ መዝነን" አለ። "እኚህን ጌታ ካከልናቸው እንቀራለን።"

እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሹሙ ግን ደግ ሰው ናቸው፣ ሳቁ። "መዝኑት፣ እስቲ እኔም ልወቀው" አሉ። ተመዘኑ። ሰይድና ሙክቱ ተደምረው አላከሏቸውም። ሹሙ ሳቃቸውን አቆሙና ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

ሰይድ ከመግባቱ በፊት ዱላውን ከነጨርቋ ሰጠኝ። "ዛሬ አንተ ነህ" አለኝ። "እንዳታዋርደኝ።"

ሞተሩ ተነሳ። ይሄኔ ዳለቻ ተከታዮቿን ይዛ ከወዲያ ጫፍ ብቅ አለች። ሮጥኩ። "ሃይ ዳለቻ!" አልኩ፣ እንደ ሰይድ ድምፄን አጎርንኜ። ከብቶቹ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ድንጋይ አነሳሁ፤ ዳለቻ ድንጋዩን አይታ ሣሯን ቀጠለች። ኮርማው ይባስ ብሎ መሐል ሜዳ ላይ ተኛ።

ካፒቴኑ በመስኮት እጁን አውጥቶ ወደ ዓባይ በኩል ያሳየኛል፤ ደመና እየመጣ ነው። በኋላኛው መስኮት ሰይድ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፏል። የሚለው ባይሰማኝም ስድብ መሆኑ ከአፉ ያስታውቃል። ቆይቶ በሩ ተከፈተና ሰይድ ጋቢውን ሙክቱ ላይ ጥሎ ወረደ። እየሮጠ መጥቶ ዱላውን ከእጄ ነጠቀኝ።

"አንድ ቀን! አንድ ቀን ባምንህ!" አለኝ።

"ሃይ ዳለቻ!" አለ። ዳለቻ ወጣች። ኮርማው ተነሳ። ሁሉንም እስከ ወዲያ ጫፍ ሸኛቸው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ያስቀኛል። ግራና ቀኙን አየ። ሜዳው ጸድቷል። እንደ ወትሮው ዱላውን አነሳና ነጯን ጨርቅ ከፍ አደረጋት።

አውሮፕላኑ ሄደ።

በላዩ ሲያልፍ ሰይድ ቀና ብሎ ሸኘው። እጁ የወረደው አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ይመር፣ ማን ነው ሂድ ያለው?"

"አንተ።"

"እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ!"

ሐዋ ከሻይ ቤቷ ወጥታ ራሷን ይዛለች። "ወላሂ! በግ ሄደ፣ ጋቢ ሄደ፣ ሰው ቀረ!"

አቶ ግርማ ከሰርጉ በፊት ሌላ በረራ አለ፣ ትንሽ ይታገሱ ብሎ ለመነው። ሰይድ አልሰማውም። "ሙክቴ ብቻውን ሰው ቤት ገብቶ እኔ እዚህ ልቀመጥ? ወንድሜ ምን ይለኛል? አሁንም ከእኔ ላም በለጠችበት ነው የሚለኝ!" ዱላውን ወረወረልኝና እዚያው በዚያው ወደ መንዲ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ሄደ። በአዲስ አበባ በኩል።

በነጋታው ረፋዱ ላይ ያው አውሮፕላን ከፓዌ ተመልሶ መጣና ከተማውን ዞረ። ከብቶቹ ሜዳ ላይ ናቸው። እኔ፣ አቶ ግርማ፣ ሐዋም ማማሰያዋን ይዛ፣ እንደ ምንም ተጋግዘን አወጣናቸው። ከአውሮፕላኑ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? የሰይድን ጋቢ የለበሰ ሰው።

"ሰይድ የሚባል ከብት አባራሪ የታለ?" ብሎ ጮኸ።

ደነገጥኩ። ድምፁ የሰይድ ድምፅ ነው። ከወዲያ ዳር ዳለቻ እንኳ ሣሯን ትታ ቀና አለች።

"ወደ አንተ ሄዷል" አልኩት።

"በምን?"

"በመኪና። በአዲስ አበባ በኩል።"

እንድሪስ የያዘውን ዘንቢል ጣለው። "በጆሮው ጎትቼ ልወስደው እኮ ነው የመጣሁት! ወፍራሙ ሹም ሁሉን ነገሩኝ፣ ለላም ብሎ ወረደ አሉኝ። አንድ ሰዓት አይሞላም ቢሉኝ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩ እንጂ የሙሽራ አባት ቤቱን ጥሎ ይወጣል?"

አውሮፕላኑ ግን ወደ ሌላ አገር ነበር የሚቀጥለው። በሚቀጥለው በረራ ይሄዳሉ ብሎ አቶ ግርማ አጽናናው። ከዚያ ደመናው መጣ። ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ። በመኪና ልሂድ ቢል አይደርስም፤ ቢደርስም ሰይድ በዚያ በኩል ተመልሶ ይመጣል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሐዋ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰማይ ያያል። ሲሰለቸው የሰይድን ከብቶች ይጠብቃል። በስንት ልመና እሺ ያላሉኝ ከብቶች ለእሱ ባንድ ቀን ተገዙለት።

"አባት እዚህ፣ አጎት መንገድ ላይ" ትለዋለች ሐዋ ከርከዴውን እየቀዳች። "ሙሽራ ማን ይሰጣል? በግ ይሰጣል?"



የሰርጉ ቀን ጠዋት የአቶ ግርማ ሬዲዮ ጮኸ። ከፓዌ ሜዳ ነው። "አሶሳ፣ አንድ ሰውዬ ካላናገራችሁኝ ብሎ በር ላይ ተኝቶብናል። ሰይድ እባላለሁ ይላል።"

እንድሪስን እየጎተትኩ አመጣሁት።

"ሰይድ!"

"አያ እንድሪስ! የት ሄድክ?"

"አንተ የት ሄድክ?"

"እኔማ ደረስኩ! አንተ ነህ የሌለኸው!"

"ባለህበት ቁም፣ እመጣለሁ!"

"ኧረ አንተ ቁም! በአላህ ይዤሃለሁ አትንቀሳቀስ! አንዳችን እንኳ እንቁም!"

"ሲጨርሱ ኦቨር ይበሉ" አለ አቶ ግርማ።

"ምን በል ነው የሚለኝ ይሄ?" አለ እንድሪስ።

ከዚያ የሰይድ ድምፅ ዝቅ አለ። "አያ፣ ሼሁ ተቀምጠዋል። ሙሽራው መጥቷል። ልጅቷ አባቴ ሳይኖር ብላ እያለቀሰች ነው። ምን ላድርግ?"

እንድሪስ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። "ሙክቱስ?" አለ።

"ቆሟል። ባለቤቱ ሳይመጣ እንዳይነካ ብለሃል አሉኝ። ከሁላችን በሰዓቱ የደረሰ እሱ ብቻ ነው።"

"እረደው። ልጄንም..." አለና ማይኩን አጥብቆ ያዘ። "ለልጄም ኒካ ወክዬሃለሁ። በእኔ ቦታ ተቀመጥ።"

"ይንጫጫል! ምን አልክ?"

"ወክዬሃለሁ!"

"ኦቨር" አለ አቶ ግርማ።

"ወክዬሃለሁ ኦቨር!"

ሬዲዮው ብቻ ይንሿሿል። ቆይቶ የፓዌው ኦፕሬተር መጣ። "ሰምተዋል" አለ። "እያለቀሱ ስለሆነ ነው። ኦቨር።"

ኒካው ታሰረ። እኛም አሶሳ ላይ ከርከዴ ጠጣን። ሐዋ ለሙሽራ አባት እልል አለችለት።

ሰማዩ ሲጠራ ሰይድ በአውሮፕላን እንደሚመጣ በሬዲዮ ተነገረን፤ ወንድሜ ከሜዳው እንዳይወጣ ጠብቁልኝ ብሏል። ጠበቅነው። አውሮፕላኑ ከተማውን ዞረ። ከብቶቹ እንደ ልማዳቸው መሐል ሜዳ ናቸው። እንድሪስ "ሃይ ዳለቻ!" እያለ ሮጠና ድንጋይ አንስቶ በግራው ወረወረ። ሲጸዳ ዱላውን ሰጥቼው "ጨርቋን ከፍ አድርግ" አልኩት። "ለምን?" አለኝ። "ካላደረግክ አይወርድልህም።" በሁለት እጁ ከፍ አደረጋት።

ኋላ ሰይድ እንደነገረኝ ከሰማይ ሆኖ መጀመሪያ ያየው ሰው አይደለም፣ ያቺን ውርወራ ነው። "ፊቱን ሳላይ በግራው ለየሁት" አለኝ።

በሩ ተከፍቶ ወረደ። ያን ያህል ዘመን ሳይተያዩ ኖረው የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነበር፦

"ዳለቻን ለምን መታሃት?"

"አልመታኋትም። ስቻታለሁ።"

"ከስንት ክንድ ርቀት?"

"ከዚህ እስከዚያ።"

ሰይድ ከዚህ እስከዚያ ያለውን አየ። ዳለቻን አየ። ብዙ አሰበ። "ያቺንም ላም ስተሃት ይሆናል" አለ።

"ድሮስ ምን ብዬህ ነበር?" አለ እንድሪስ።

ተቃቀፉ። እንዴት እንዳለቀሱ አልጽፍም። የሐዋ ጀበና ሙሉ ከርከዴ እሳት ላይ እንደተረሳ አርሮ ቀረ ልበል።

ካፒቴኑ ግን ይቸኩላል። ወዲያው ወደ ፓዌ ይመለሳል፤ እንድሪስም በዚያው መሄድ አለበት፣ ሰርግ ያሳለፈ ቤት ባለቤቱን ይጠብቃል። "ጋሽ እንድሪስ፣ ይግቡ" አለ አቶ ግርማ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ወንድማማቾቹ ተያዩ። የተሰጣቸው ጊዜ ዕቃ እስኪወርድና ዕቃ እስኪጫን ያለው ብቻ ነው።

ሰይድ ዱላውን ከወንድሙ እጅ ተቀበለ። ነጯን ጨርቅ ከጫፉ ፈታት። ሣሩ ላይ አነጠፋትና ተቀመጠባት። እንድሪስንም በጋቢው ጫፍ ጎትቶ ጎኑ አስቀመጠው። ዳለቻ ይሄን ስትጠብቅ የነበረች ይመስል ተከታዮቿን ይዛ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰች። ኮርማው ያችኑ የለመዳትን ቦታ ፈልጎ ተኛ።

"ጋሽ ይመር፣ ያባሯቸው እንጂ!" አለኝ አቶ ግርማ።

"እኔን አይሰሙም" አልኩት። ባለመስማታቸው ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ካፒቴኑ ቆቡን አውልቆ መጣ። የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ከብቶቹን አየ፣ ሣሩ ላይ የተቀመጡትን አየ።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለ።

ሰይድ የወንድሙን ትከሻ እንዳቀፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

"እንደ ከብቶቹ ነው" አለው።